ዳግማዊ ጎሹ ጭስን ድል እንደ ነሡና መልሰው እንደ ለመኑት

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ ሰባት ዓመት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ ታኅሣሥ፣ ወንበራቸው የሚሽከረከር፣ ማኅተማቸው የማይደርቅ፣ ስብሰባቸው የማያልቅ፣ የሮቤው መኮሮኒ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ አቶ ዳግማዊ ጎሹ በነገሡ በአራተኛው ዓመት፣ ይኸውም አዲሱ ምንጣፍ ቢሯቸው በገባ በሁለተኛው ዓመት የሆነውን እኔ የመዝገብ ቤቱ ተክለማርያም እጽፋለሁ። ዳግማዊ የተባሉት ከእሳቸው በፊት ቀዳማዊ ኖሮ አይደለም፤ እናታቸው ስሙን ወደውት ነው። እሳቸው ግን ቀዳማዊው ማን ነበር ተብለው ሲጠየቁ ወደ ሩቅ ማየት ይወዱ ነበር።

በዚያም ዘመን ፋብሪካው መኮሮኒውን የሚያደርቀው በማገዶ ነበር። ባሕር ዛፉ፣ የገብስ ጭዱ፣ ከሐረና ደን በኩል እየተጫነ የሚመጣውና የት እንደ ተቆረጠ የማይጠየቀው ግንድ ሁሉ በአንድ ትልቅ ምድጃ አፍ ይገባ ነበር። ምድጃውን የምታጎርሰው ጁሀራ የምትባል ሴት ነበረች፤ ሃያ ሁለት ዓመት አጎረሰችው፤ እሱም ውለታዋን ሳንባዋን በማጥቆር መለሰላት። ሳሏ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ድረስ ይሰማ ስለ ነበር ዳግማዊ ጎሹ መስኮታቸውን አስዘጉ፤ ይህም የሠራተኛውን ጤና ለመጠበቅ የተወሰደ ርምጃ ተብሎ በዓመታዊው ሪፖርት ገባ። ጎባ ያለ አንድ ሐኪም ግን ደረቷን አዳምጦ፣ ከእንግዲህ አንድ ዓመት ጭስ ውስጥ ከቆየች የሚሰጣት መድኃኒት እንደሌለው በግልጽ ነገራት።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ከዋቤ ወንዝ ውኃ ተወልዶ በሽቦ በሚመጣው መብራት እንፋሎት የሚያፈላ አዲስ ቦይለር ፋብሪካው ደረሰ። የገጠመው የፋብሪካው ኤሌክትሪሻን ዘይነዲን ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሽቦው ጋር ውሎ ከሽቦው ጋር አመሸ፤ የእንፋሎቱን ቧንቧ እስከ ማድረቂያው ክፍል ዘረጋ፤ ዝናብ እንዳይገባበትም የአሮጌውን ጭስ ማውጫ አናት በብረት ክዳን ከደነው፤ መክደኑንም ለሥራ አስኪያጁ በደብዳቤ አስታወቀ። ደብዳቤው ገቢ ሆኖ ተመዘገበ። የመዘገብሁት እኔ ነኝ፤ ያነበበው ግን የለም።

በምረቃውም ቀን ዳግማዊ ጎሹ ሠራዊታቸውን አስከትለው ወጡ። በፊት የጥበቃው ሹም ከሊል ዱላውን እንደ ጦር ይዞ፣ በቀኝ የሽያጭ ኃላፊው ኪሩቤል ለጭብጨባ እጁን አሰናድቶ፣ በግራ ጸሐፊያቸው መቅዲ ሁለቱን ስልካቸውን በሁለት እጇ ይዛ፣ በኋላ አንድ ፎቶ አንሺ፣ ሦስት የኮሚቴ አባላት፣ ኮሚቴውን የሚከታተሉ ሁለት የሌላ ኮሚቴ አባላት፣ ከእነሱም ኋላ ለስላሳ ይታደላል ሲባል የሰማ ሁሉ። አዋጁም እንዲህ ታወጀ፦

«በፋብሪካው ግቢ ያለህ፣ በማሽን ጩኸት ጆሮህ የደነቆረ ሁሉ አድምጥ! ከዛሬ ጀምሮ ጭስን ሽሬዋለሁ። ማገዶ ደጄን እንዳይረግጥ። ጁሀራም ከምድጃው ተነሥታ ማሸጊያ ክፍል ትግባ።»

ይህን ብለው አውራ ጣታቸውን አነሡ፤ ፎቶ አንሺው ዝግጁ እስኪሆን አየር ላይ አቆዩት፤ ከዚያም አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫኑ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ኪሩቤል ደግሞ ሌላው ሁሉ ካቆመ በኋላም ቀጠለ። ዘይነዲን ቦይለሩን ከማለዳው አስነሥቶት ስለ ነበር ቁልፉ ምንም አላደረገም፤ ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን።

የሮቤ ዙሪያ ገበሬ ግን የቆየ ልማድ አለው። ስንዴውን በጋሪ ጭኖ ሲመጣ ገና ጎሮ መንገድ ላይ ሳለ ቀና ብሎ የፋብሪካውን ጭስ ይፈልጋል፤ ጭስ ካለ ፋብሪካው ይገዛል ማለት ነው፤ ጭስ ከሌለ ተዘግቷል ብሎ ወደ ጎባ ነጋዴዎች ይነዳል። እናም በማግሥቱ ጭስ የለም፣ ጋሪም የለም። በሦስተኛው ቀን መጋዘኑ ባዶ ሊቀር ሆነ። ቦይለሩ ይፈላል፣ ቧንቧው ይግላል፣ የሚደርቀው መኮሮኒ ግን ሊያልቅ ነው። ሰው ልኮ ለገበሬው መንገር የሚባል ነገር እንዳለ ዘይነዲን አሳስቦ ነበር፤ ሐሳቡ ግን በኮሚቴ በኩል ስላልመጣ ወደቀ። በምትኩ ሁለተኛው አዋጅ ወጣ፦

«ጭስን የሻርሁት እኔ ነኝ፤ የምሾመውም እኔ ነኝ። በአሮጌው ምድጃ እርጥብ ጭድና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይንደድ፤ ጭሱ ለዕይታ ብቻ ነው። ጁሀራ ታንድደው። እስከ ቅዳሜ ስንዴ ካልገባ የመብራቱ ቦይለር ይሸጣል፤ እሷም ወደ ቀድሞ ቦታዋ ትመለሳለች።»

ይህን አዋጅ የተየብሁት እኔ ነኝ፤ ከንዴቴ የተነሣ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ሁለት ጊዜ አረምሁ። አንዲት ሴት ሊገድላት የደረሰውን ጭስ ለጌጥ ብለሽ አንድጂው ማለት ምን ዓይነት ጥበብ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጁሀራ ግን ከማሸጊያው ክፍል ወጥታ ግቢው መካከል ቆመች፤ ሳሏ እስኪያልፍላት ጠበቀች፤ ከዚያም እንዲህ አወጀች፦

«ወላሂ አላነድም! አቶ ዳግማዊ፣ እርስዎን አከብራለሁ፣ እንጀራዬም በእጅዎ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መኮሮኒ ላድርቅ ብዬ አነደድሁ፤ ሰው ላታልል ብዬ ግን አንድ ቀን አላነድም። የፈለገ ራሱ ይለኩስ!»

ዳግማዊ ጎሹም ክራቫታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው፣ ክብሪት ከከሊል ተቀብለው ወደ ምድጃው ዘመቱ። አራት እንጨት ክብሪት በከንቱ ወደቀ፤ አምስተኛው ያዘ። ጭሱ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ፤ የዘይነዲንን ክዳን አገኘ፤ ተመለሰ፤ በአሮጌው የሙቅ አየር ቱቦ ሾልኮ ማድረቂያውን ክፍል ሞላ፤ ከዚያም በየበሩና በየመስኮቱ ፈሰሰ። ድል አድራጊው ዓይናቸው እያነባ፣ እየሳሉ፣ በኪሩቤል ተደግፈው ወጡ። የዚያ ቀን መኮሮኒ እንደ ታጠነ የወተት ቅል ይሸት ስለ ነበር የሚገዛው ጠፋና ለሠራተኛው በስጦታ ታደለ፤ የምስጋና ደብዳቤም እንድንጽፍ ታዘዝን።

በዚያችው ሰዓት ሠላሳ ጋሪ ስንዴ በጎሮ መንገድ ይመጣ ነበር። ገበሬዎቹ ጭሱ በመስኮት ሲወጣ አይተው ፋብሪካው ተቃጠለ አሉና ጋሪዎቻቸውን ማዞር ጀመሩ። ጁሀራ ይህን አይታ ከበሩ ወጣች። መሮጥ አትችልም፤ ቶሎ ቶሎ ተራመደች፤ መንገድ ላይ ጉልበቷን ይዛ ቆመች፤ እንደገና ሄደች፤ ከጋሪዎቹም ፊት ደርሳ ባላት ትንፋሽ ሁሉ አወጀች፦

«ኮታ! ኑ! አልተቃጠለም፣ አልተዘጋም። ጭሱን አትዩ፣ ጭሱ ውሸት ነው። ገብታችሁ ቧንቧውን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ካልጋለ ስንዴያችሁን ይዛችሁ ሂዱ!»

ከገበሬዎቹ መካከል ቃሉ የሚሰማ ባዳሳ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ከጋሪው ወርዶ ተከተላት፤ ዘይነዲንም ወደ ቧንቧው መራው። ሽማግሌው ሰውን በቀላሉ የሚያምን አልነበረምና በጣቱ ጫፍ ሳይሆን በሙሉ መዳፉ ያዘው። «ጉበዼ!» አለ፤ ተቃጠልሁ ማለቱ ነው፤ ጩኸቱም መንገዱ ድረስ ተሰማ። የቀላውን መዳፉን ከፍ አድርጎ ይዞ ወጣና ጋሪዎቹን በዚያው እጁ ጠራ። ሠላሳውም አንድ በአንድ ገቡ። በአገልግሎት ዘመኔ ከሰማኋቸው አዋጆች አጭሩ ይህ የባዳሳ አንድ ቃል ነው፤ በወጣበት ቀን የተፈጸመውም ይህ ብቻ ነው። ቅዳሜ ሳይደርስ መጋዘኑ ሞላ፤ ቦይለሩም ሳይሸጥ ቀረ።

እንግዲህ ለዳግማዊ ጎሹ ምስጋና ይገባል። ጭስን ሰኞ የሚሽሩ፣ ሐሙስ የሚሾሙ፣ የበራውን የሚያበሩ፣ የተጻፈላቸውን የማያነቡ፣ ያልሠሩትን በትሕትና የሚቀበሉ፣ ስማቸው ከሮቤ እስከ ጎባ፣ ከጎባ እስከ ሳነቴ አናት ይጠራ። በፋብሪካው በር ላይም እብነ በረድ ተተከለላቸው፤ «ጭስን በጥበባቸው ድል የነሡ» ተብሎ በወርቅማ ቀለም ተጻፈበት። በሰኔ አንድ ቀን ጁሀራ ከማሸጊያው ክፍል ወጥታ በፊቱ ቆመች፤ ቀስ ብላ አነበበችው፤ ከዚያም ሳቀች። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ግቢ ስንሠራ፣ ሳቋ ሳል ሳያቋርጠው እስከ መጨረሻው ሲደርስ የሰማሁት ያን ቀን ነው።