ይቅርታ የለመደ ሕመም

አቶ ዘርጋው ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ፊታቸው ካጎነበሰ፣ «በቃ፣ አውርድ» ሳይሉ አያልፉም። የወሰደውን መልሶ እንደሆነ መጠየቅ እንኳ ነውር ይመስላቸው ነበር። ይህ ደግነታቸው ለገዛ ገላቸውም ተረፈ።

ሽንታቸው ባቃጠላቸው ቁጥር ሐኪም የሰባት ቀን ክኒን ያዝላቸዋል። በሦስተኛው ቀን ማቃጠሉ ሲተዋቸው እሳቸውም ክኒኑን ይተዉታል። «እጅ የሰጠ አይመታም» ብለው የተረፈውን ለጎረቤት ያድላሉ። ሦስት ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ሕመሙም የሽማግሌውን ጠባይ አጠና፤ ሲመጡበት ያጎነብሳል፣ ሲሄዱለት ቀና ይላል።

በአራተኛው ጊዜ ሆስፒታል ገቡ። የሽንት ቱቦ ተደረገላቸው፣ ትኩሳቱም አልጋውን ያንቀጠቅጠው ጀመር። የሽንት ምርመራው ሲደርስ ነርሷ ሲስተር ወይንሸት ወረቀቱን ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ይሄ ባክቴሪያ ስድስት መድኃኒት ቀርቦለት አምስቱን ንቋል።»

«ማን ንቀት አስተማረው?»

«እርስዎ ነዎታ! እየጀመሩ እየተዉ አለማመዱት። አሁን የቀረን ይሄ መርፌ ብቻ ነው፣ ዐሥር ቀን ሙሉ። ይሄንንም ካስለመዱት ሌላ የምንሰጥዎት የለንም።»

አቶ ዘርጋው ፈሩ። እንዲህ ፈርተው አያውቁም።

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው፣ ሽሮም አማራቸው። ልማድ ክፉ ነውና «እንግዲህ ወደ ቤቴ» ሊሉ ሲያሰላስሉ፣ የሽምግልና ባልደረባቸው ጋሽ ቦጋለ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው ከተፍ አሉ።

«ዘርጋው፣ ደስ የሚል ወሬ ይዤልህ መጣሁ! ያ አንዳርጌ፣ አጥር እየገፋ የወይዘሮ ትርንጎን ጓሮ የበላው፣ ተጸጽቷል። ከሰኞ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ዘበኛው ‹ድንጋይ ይዘህ አትገባም› ብሎት እደጅ ቆሟል። እንደ ለመድከው ይቅር በለውና እንገላገል።»

«ስንተኛ ጊዜው ነው?»

«አራተኛው መሰለኝ። ታዲያ ምን አለበት? በመጣ ቁጥር ያጎነብሳል።»

ለአቶ ዘርጋው ወይዘሮ ትርንጎ በየዓመቱ እየጠበበ በሄደው ጓሯቸው ቆመው ታዩአቸው። ይሄኔ ሲስተር ወይንሸት መርፌዋን ይዛ ገባች። ሳትጠይቃቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ሰጧት።

«ሂድና ንገረው፣ መጀመሪያ አጥሩን ይመልስ» አሉ ወደ ጋሽ ቦጋለ ዞረው። «ሕመሜም ዝም ሲል ሦስት ጊዜ አምኜው ነው እዚህ የተኛሁት።»