ሦስቱ የእድር ቁልፎች

የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው አመድ ስለሚመስል፣ ፊደልም ስለማሳስት አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስምንተኛን እንደምንም ነው የጨረስኩት። በሰው ፊት ደግሞ አፌ አይፈታም። ወረቀት ግን ዓይን ዓይኔን አያየኝም።

ሰውን ማመን ከባድ ነው። ሰው በሩን ራሱ ቆልፎ፣ ጥቂት ከሄደ በኋላ ተመልሶ ይገፋዋል። እናንተም ታደርጉታላችሁ፤ አትዋሹኝ። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ይባል የለ? የኛ ሰፈር እድርም አንዴ ከፈረሱ ወድቋል። ዕቃውን አንድ ሰው ብቻውን ሲጠብቅ፣ ሰው ሞቶ ድንኳን ቢፈለግ ድንኳኑ ማዶ ለአክስቱ ልጅ ሠርግ ተተክሎ ተገኘ። ሙሽራው በጥላ፣ ለቀስተኛው በፀሐይ። ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ያለው የእድሩ ዕቃ ቤት ሦስት ጓጉንቸር ተገጠመለት፤ ቁልፎቹም ለሦስት ሰዎች ተሰጡ። አንዱ ብቻውን መክፈት አይችልም። ሦስቱ ደግሞ ስለማይዋደዱ አይመሳጠሩም። ብልሃቱ ይኸው ነው።

አንዱ መሪጌታ ናቸው። ሁለተኛው አያ ደሴ የሚባል ገበሬ ነው። ሦስተኛዋ እመት ዘርፌ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅም ከብትም የሌላቸው። በስብሰባ ላይ ሰው ተነሥቶ «እመት፣ እዚህ ይቀመጡ» የሚላቸው በዚያች ቁልፍ ነው። ቁልፏ ከተወሰደች ደጅ ነው የሚቀመጡት።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ሰው ግቢያችን ተሰበሰበ። ደብረ ታቦር የሚማረው ወንድሜ ሙሉቀን ለዕረፍት መጥቷል። ወገዳ ከተማ ሞባይል የሚጠግነው ጓደኛው አስማማውም አብሮት ነበር። ሁለቱ ከጠዋት ጀምሮ ቢትኮይን በሚሉት የኢንተርኔት ገንዘብ እየተከራከሩ ነው።

«አለቃ የለውም» አለ ሙሉቀን።

«አለቃ የሌለው ደብር አይተህ ታውቃለህ?» አሉ መሪጌታ።

«መዝገቡ በሁሉም እጅ ነው፣ መሪጌታ። ኮምፒውተሮች ከባድ ሒሳብ ለመፍታት ይሽቀዳደማሉ። የቀደመው ቀጣዩን ገጽ ይጽፋል፣ ሌሎቹ አይተው ያጸድቁለታል። ማጭበርበር ቢፈልጉ ከሁሉም በላይ መድከም አለብዎ።»

«እኔ?»

«በላብ ነው ማለትህ ነው» አለ አያ ደሴ፣ የገባው መስሎት ደስ ብሎት።

«በመብራት ነው እንጂ!» አለ አስማማው። «የአገር መብራት ይበላል። ሌላው ገንዘብ፣ ኢቴሪየም፣ ይሻላል። እዚያ መዝገብ የሚይዝ ሰው ሀብቱን መያዣ ያደርጋል፤ ከዋሸ መያዣውን ያጣል።»

«ባለሀብቱ ብቻ ሊጽፍ?» አለ ሙሉቀን።

እመት ዘርፌ ሳቁ። «በኛ አገር ድንበር የሚገፋው አንዲት ዶሮ ያለችው ነው ወይስ ሁለት ጥማድ በሬ ያለው?»

ሁሉም ሳቀ። መሪጌታ ግን ጢማቸውን እየዳበሱ «ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢመሳጠሩስ?» አሉ።

«ያን ጊዜማ መዝገቡ የነሱ ነው» አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያ አዲስ ነገር አይደለም።»

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የእድሩ ዳኛ ግን ነገሩን ወደ ቤት አመጡት። «እስቲ የኛን ቁልፍ ያዦች በናንተ ሚዛን መዝኑልን» አሉ። ሙሉቀን በላብ መዘነ፤ እመት ዘርፌ እንስራ መሸከም ካቆሙ ቆይተዋል። አስማማው በመያዣ መዘነ፤ እመት ዘርፌ ያለቻቸው አንዲት ዶሮ ናት። ጠዋቱን ሙሉ በአንድ ነገር ያልተስማሙት ሰዎች በአንዲት አሮጊት ላይ ተስማሙ። እመት ዘርፌ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ።

ዳኛው ሰው ማሳፈር አይወዱም። «ስም አንጥራ። ሦስቱም አሁኑኑ ቁልፋቸውን አምጥተው ይክፈቱ። ያላመጣ ለሌላ ያስረክባል» አሉ።

ይኼን ጊዜ ሦስቱም ወደኔ ዞሩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ!

ነገሩ እንዲህ ነው። መሪጌታ ቁልፋቸው በመጻሕፍታቸው መሐል እየጠፋ ስላስቸገራቸው ለኔ ሰጡኝ። አያ ደሴ ዓርብ ዓርብ ከአርብ ገበያ ሲመለስ ጠላ ቤት ስለሚቆይ፣ እጥለዋለሁ ብሎ ሰጠኝ። እመት ዘርፌ ዓይናቸው ስለደከመ ሰጡኝ። ሁሉም «ለሁለቱ እንዳትነግሪ» ብለዋል። ለማን እነግራለሁ? ሰው ሲያናግረኝ እንኳ መሬት ነው የማየው። አለቃ የለውም የተባለለት ነገር አለቃው እኔ ነበርኩ፤ ቆሎ ይዤ የቆምኩት።

ሮጬ ቤት ገባሁና ተመለስኩ። ቆሎ ሳዞር በየእጃቸው ከቆሎው ሥር ቁልፍ አኖርኩ። መሪጌታ «ይባርክሽ» አሉኝ። አያ ደሴ ጠቀሰኝ። እመት ዘርፌ ቁልፏን በጣታቸው ደጋግመው ዳበሷት፤ ቀና ብለውም ፊቴን አዩኝ። እኔ ቆሎውን ለቀጣዩ ሰው አዞርኩ።

«የኔው ናት» ብለው ተነሡ።

መሪጌታ ከፈቱ። አያ ደሴ ከፈተ። እመት ዘርፌ ወደ ጓጉንቸሩ ጎንበስ ብለው በነጠላቸው ከለሉት፤ ወዲያውም ወልቆ እጃቸው ላይ ወደቀ። ተጨበጨበ። ዳኛው «እስከ ዕለተ ሞታቸው ይያዙ!» ብለው ፈረዱ።

«አየህ!» አለ ሙሉቀን አስማማውን። «የማይተማመኑ ሰዎች ሲቆልፉት ነው ነገር የሚታመነው።» በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ተስማምተው ተጨባበጡ።

በማግሥቱ ሦስቱም ተራ በተራ መጥተው ቁልፋቸውን መለሱልኝ፤ ለሁለቱ እንዳልነግር አስጠንቅቀውም ሄዱ። እመት ዘርፌ ግን መዳፌን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ይችን እንኳ እንዳትጥያት፣ ልጄ» አሉኝ።

ለማንም ያልነገርኩት ይኼ ነው። ለእመት ዘርፌ የሰጠኋቸው ቁልፍ የእናቴ ሣጥን ቁልፍ ነበር። የሳቸውን በፋሲካ ሰሞን የእድሩን ሳህን ሳጥብ ወንዝ ወስዶብኛል። ያን ዕለት ክፍት የነበረውን ጓጉንቸር ብጫነው የሚከፍተው አይገኝም ብዬ ፈራሁና፣ የተቆለፈ አስመስዬ አንጠለጠልኩት። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።