ባንኮክ፣ እንጦጦ ላይ

ባንኮክ ሆነው በላፕቶፕ የሚሠሩ ልጆችን ፎቶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከኋላ ዘንባባ፣ ከፊት የማንጎ ጭማቂ፤ ሥራው ግን የትም አይታይም። አንዷ እኔ ነበርኩ። በርካሽ ቲኬት፣ ሁለት ቦታ አውሮፕላን ቀይሬ፣ ኤርፖርት ወንበር ላይ አድሬ ገባሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ አሠሪዬ መልእክት መመለሱን ተወ፤ እኔም ወደ አገሬ ተመለስኩ። መመለሴን ግን በየትኛው አፌ ልናገር? ሰፈሩ ሁሉ መርቆ ሸኝቶኛል እኮ! ከእናቴ ቤት አንድ ታክሲ ርቀት፣ ኮተቤ ጓደኛዬ ጋ ተደብቄ፣ በምለጥፈው ፎቶ "ባንኮክ" መኖሬን ቀጠልኩ።

አንድ ማለዳ ለፎቶ የሚሆን ጫካ ፍለጋ እንጦጦ ወጣሁ። ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። እኔ እጅጌ የሌለው ልብስ ለብሼ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ፣ በሙቀት ያለቀ ሰው ፈገግታ ፈገግ እልላችኋለሁ። ባሕር ዛፉ እንዳይታይ ስልኬን ሳዘነብል፣ "ልጄ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ።

እናቴ ናት። በሰላም እንድመለስ ስለት ልትሳል እንጦጦ ማርያም መጥታለች።

"እመቤቴ! ገና ስለቴን ሳልጨርስ አመጣሽልኝ!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ተሳላሚው ከበበን። አንዲት ሴትዮ፣ "ከሰማይ ነው የወረደችው?" እያሉ ክንዴን ዳሰሱ።

ዝም ብል እኮ ተአምር ሆኜ መቅረቴ ነው! የማርያም ደጅ ላይ ቆሜ ግን መዋሸት አቃተኝ።

"እማዬ፣ ከመጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው።"

እልልታው ቆመ። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ ማን ቤት በላሽ?"