ጋሼ ቀንሱና የሐሞት ጠጠር ዋጋ

ሞት ራሱ በሩን ቢያንኳኳ «ስንት አልክ?» የሚል ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለሆስፒታሉ ገንዘብ ተቀባይ የደረሷት ክቡር ጋሼ ቀንሱ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ወረፋ ጠባቂው ነው።

ደም ሲመረመሩ፣ ደሙን ያቀረብኩት እኔ ስለሆንኩ የጥሬ ዕቃው ይታሰብልኝ ብለዋል። ራጅ ሲነሡ ደግሞ፣ ቀኝ ሳንባዬ ደህና ነው፣ ግራውን ብቻ አንሡና በግማሽ ዋጋ እንስማማ ብለው ባለሙያውን ሊያስለቅሱት ነበር። ባርኔጣቸው በመስኮቷ ብቅ ሲል ገንዘብ ተቀባይዋን ራሷን ይወቅራታል፤ እሷም እንዳቅሟ ሕመምተኛ ሆናለች።

ያን ቀን ግን ባለቤታቸውን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ መጡ። የሐሞት ጠጠር ነው፤ ዛሬውኑ ካልወጣ ለሕይወታቸው ያሰጋል ብሏል ሐኪሙ። መድን የላቸውም። ዋጋውን ሲሰሙ ጋሼ፣ ጎረቤታቸው በዚሁ ሐኪም፣ በዚሁ ቢላ፣ ይህንኑ ጠጠር በግማሽ ዋጋ እንዳስወጣ አነሡ። የድሃ ጠጠር ወርቅ አለበት ወይ ሲሉም ጠየቁ። ገንዘብ ተቀባይዋም የዘወትር መልሷን ሰጠች፦ የጎረቤታቸው የመድን ኩባንያ ከሆስፒታሉ ጋር ተደራድሮ አስቀንሷል።

«ኩባንያ ሲከራከር ውል፣ እኔ ስከራከር ንዝንዝ?»

ጃንጥላ ለያዘው አካፍቶ ባዶ ራሱን በቆመው ላይ የሚያወርድ የዋጋ ዝናብ የፈለሰፉት የሆስፒታሉ ሊቃውንት ናቸው፤ እሷ ደረሰኝ ቆራጭ ብቻ ናት።

ጋሼ የገበያን የመጨረሻ ጥበብ መዘዙ፦ ጥሎ መሄድ። ሻጭ የሚጠራው የገዢን ጀርባ ሲያይ ነው። ወንበሩን አዙረው ወደ በሩ መግፋት ጀመሩ፤ ቀስ እያሉ፣ እንዲጠሩ። ማንም አልጠራቸውም። ጭራሽ ጥበቃው በትሕትና በሩን ከፈተላቸው። ደንግጠው የጫማቸውን ክር ሊያስሩ ጎንበስ አሉ፤ ጫማቸው ክር የለውም።

«አንተ ሰውዬ፣ በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ ተመለስ» አሉ ባለቤታቸው ጎናቸውን ይዘው።

«ዝም በይ፣ አሁን ይጠሩናል።» ሹክሹክታቸው አዳራሹን ሞላው።

ከገንዘብ ተቀባይዋ ኋላ የቆመው አለቃዋ ይሂዱ፣ ተያቸው አላት። ስንት ጊዜ የረገመችው ጀርባ ከበሩ ሲደርስ ግን ከወንበሯ ተነሥታ ተጣራች።

«ጋሼ፣ ይመለሱ። በባለመድኑ ዋጋ ይሁንልዎት።»

አለቃዋ በማን ፈቃድ ነው ብሎ ፈጠጠባት፤ ልዩነቱን ከደመወዟ እንደሚቆርጥም ዛተ።

«ተከራክረዋል» አለችው። «ልክ እንደ ኩባንያው።»

ጋሼ ወንበሩን እያከነፉ ተመለሱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ አፋቸው ግን ልማዱን አይተውም።

«መጨረሻው ነው?»

ገንዘብ ተቀባይዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ አለቃዋ ዞረች።

«ለነባር ደንበኛ ትንሽ አንመርቅላቸውም?»