የሰው ግጥም ይዞ መቆም

እናንተዬ፣ ሰው በገዛ አፉ እንዳይናገር ማን ፈረደበት? እውነቴን ነው፣ ይህ ነገር ሲያበሽቀኝ ሰነበተ።

እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። እዚህ አገር የቅኔ ተማሪ ራሱ ያልቆጠረውን ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት ከቆመ ይባረራል። ቢጎድልም የራሱን ይዞ ይቀርባል፤ የኔታ ያቃኑለታል። ቅኔ ቤቱ ካለበት ቤተ ክርስቲያን አጥር ማዶ ያለው የእኛ ትምህርት ቤትስ? የወላጆች ቀን ሲደርስ ልጆች የሚያነቡትን ግጥም ርዕሰ መምህሩ ጽፎ ያድላል። ክፉ ሰው አይደለም። ችግሩ ግጥም መጻፍ መውደዱ ነው።

ዘንድሮ ትርንጎ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። ስሟን ስጠራ «አቤት» የምትለው ለዴስኩ ነው። ኅዳር ላይ የገብስ አጨዳ ደቦ ብሄድ፣ ያቺው ልጅ ከእናቷ ከወይዘሮ አበባ ጋር እየተፈራረቀች ታቀነቅናለች! የሰነፈውን አጫጅ ስሙን ጠርታ በግጥም ትሸነቁጠዋለች። በኋላ ብጠይቃት፣ «እማ ናት ያለማመደችኝ» አለችኝ፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው አቀርቅራ። ወይዘሮ አበባ ፊደል አልቆጠሩም።

የራሷን ግጥም ጽፋ እንድታነብ ስድስት ወር ለመንኳት። መጀመሪያ ለእኔ ብቻ አነበበች፣ ቀጥሎ ለሁለት ጓደኞቿ፣ በግንቦት ለክፍሉ በሙሉ። ስለ ክፍላችን ጣራ ነው፦

ሰኔ ገባ ሲሉ ጣራችን ያለቅሳል፣
ደብተሬን አርሶብኝ ፊደሌን ያፈሳል።

ለወላጆች ቀን እንድታነበው ባቀርበው፣ ርዕሰ መምህሩ አየውና፣ «ከወረዳ እንግዶች እየመጡ ጣራን ምን አመጣው?» ብሎ በቀይ ሰረዘው። በምትኩ የራሱን ሰጣት፦ «ትምህርት ብርሃን ነው፣ ትምህርት ኃይል ነው፣ ያልተማረ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ነው።» ነውን በነው ገጥሞ ቤት መታሁ ይላል። እሱስ ይሁን። ይህን የሚሰማው ማን ነው? ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ! ልጅቱ በአደባባይ እናቷን ጨለማ ውስጥ ነሽ ልትላት ነው እኮ። ተከራከርኩ። «ፕሮግራሙ አልቋል» ተባልኩ።

ቀኑ ደረሰ። ትርንጎ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። የመጀመሪያውን ስንኝ አነበበች። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ እናቷን አየች፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ተቀምጠዋል። ወረቀቱን ዝቅ አደረገችው። ርዕሰ መምህሩ ከኋላ ያንሾካሹክላታል። በቃ፣ ይህች ልጅ ዳግመኛ ሰው ፊት አፏን አትከፍትም አልኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? ወረቀቱን አጠፈችና የጣራዋን ግጥም ጀመረች፣ ያውም በአጨዳው ዜማ። ወይዘሮ አበባ «ሆ!» ብለው ተቀበሏት። ልማድ ነዋ። ወላጁ ሁሉ ተከተለ። የወረዳው እንግዳ ሳይቀር አጨበጨበ።

ርዕሰ መምህሩ ማይኩን ተቀብሎ፣ «ይህ የጥብቅ ክትትላችን ውጤት ነው» አለ። ሳቄንም ንዴቴንም ዋጥኩት።

በሳምንቱ የአማርኛ ፈተና አረምኩ። «የግጥምን ባሕርያት በዝርዝር ጻፉ» ይላል። ትርንጎ ከአስር ሁለት አመጣች። ደሜ ፈላ። ለእንዲህ ያለች ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያወጣው ምን ዓይነት መምህር ነው እንዳልል፣ መምህሩ እኔ ነኝ። እውነቱን ከተናገርን ደግሞ አላወጣሁትም። ከእኔ በፊት ከነበረው መምህር ቀድቼ፣ ቀኑን ብቻ እየቀየርኩ በየዓመቱ አድላለሁ። የኔታ ቢሰሙ ማንን የሚያባርሩ ይመስላችኋል?