የአባቴ ሁለተኛ ገዳይ

አባቴን ሁለት ጊዜ ገድለውታል። የመጀመሪያዎቹን ገዳዮች ፖሊስ አላገኛቸውም፤ ፈልጓቸዋል ብዬም ስሙን አላጠፋም። ሁለተኛው ጌታሁን ነው። እሱን መፈለግ አያስፈልግም። ስልኩ እኔ ጋ አለ፣ ቤቱ ሳን ሊያንድሮ ከእኛ አፓርትመንት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፣ ፋሲካ ሲመጣም አብረን ነው የምንፈስከው።

አገዳደሉን ከመንገሬ በፊት ስለ እኛ ሰውና ስለ መጽሐፍ ትንሽ ላውራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

የእኛ ሰው መጽሐፍ አይወድም የሚል ካለ አንድ ቀን የመጽሐፍ ምረቃ ላይ መጥቶ ይይ። ከኮንኮርድ፣ ከሳን ሆዜ ድረስ ሱፉን ለብሶ፣ ፓርኪንግ ፍለጋ ኦክላንድን ሲዞር ቆይቶ፣ እየተሳደበም ቢሆን ይመጣል። ይገዛል፣ ያስፈርማል፣ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አስደግፎ ከደራሲው ጋር ፎቶ ይነሳል። ከዚያ መጽሐፉ ቤት ይገባና ከልጆቹ የምረቃ ፎቶ ጎን ይቆማል። ቆሞ ይቀራል። ኬክም አለ፤ በመጽሐፍ ቅርጽ ይሠራና ሽፋኑ በክሬም ይሳልበታል። በሄድኩባቸው ምረቃዎች ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ሲያልቅ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

አልፈርድም። ምረቃ የምንሄደው ለቅሶ እንደምንሄደው ነው፤ ነገ የእኔም አለ ብለን። ለቅሶ የሄደ ሰው ደግሞ ሬሳውን ገልጦ አያይም።

እኔ ግን ክፉ አመል አለብኝ፣ ገልጬ አያለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ያገኘሁትን እያነበብኩ በራሴ ገፋሁት። ዛሬም ኩፐርቲኖ አንድ ካምፓኒ ካፌቴሪያ ውስጥ ሰላጣ ስከትፍ እውልና ብሬክ ሲደርስ ጥግ ይዤ አነባለሁ። ከሁሉ የምወደው የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ነው። ጌታሁን አንድ ቀን «ምን አግኝተሽበት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ገዳዩ ይያዛላ» አልኩት።

ይህን ያልኩት መኪናው ውስጥ ነው። ጌታሁን ሳን ሆዜ ኤርፖርት ሻትል ይነዳል፣ ሌላ ጊዜውን ደግሞ ደራሲ ነው፤ ጠዋት ሲሄድ ራይድ ይሰጠኛል። ኤይት ኤይቲ አውራ ጎዳና ላይ ትራፊኩ ቀጥ ሲል ሰው የማይናገረው ነገር የለም። ሁለታችሁም ወደፊት ስለምታዩ፣ ዓይን ለዓይን ስለማትገጣጠሙ ይመስለኛል፣ ለንስሐ አባት ያልወጣ ነገር ለሹፌር ይወጣል። እኔም ያን ቀን ስለ አባቴ ነገርኩት።

ያደግኩበትን ከተማ የፈጠረው ባቡር ነው። ባቡሩ ሲቀር ከተማው እንደ ከሰረ ነጋዴ ዕቃውን እያወጣ መሸጥ ጀመረ፤ ልዩነቱ ባለዕቃው ሕዝቡ፣ ሻጮቹ ሹሞቹ መሆናቸው ነው። መጀመሪያ የመንገድ መብራቱ ሄደ፣ ቀጥሎ የገበያው ቆርቆሮ፣ ቀጥሎ የጤና ጣቢያው አልጋ። አባቴ የማዘጋጃ ቤቱ ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበረ። ቁልፉን አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር ነበር የሚያንጠለጥለው። ያኔ ለከተማው የመጣ አዲስ የውሃ ፓምፕ ዕቃ ቤት ተቀምጦ ነበርና ሹሞቹ ክፈት አሉት። አልከፍትም አለ። ለመኑት፣ አስፈራሩት፣ አማላጅ ላኩበት። አንድ ጠዋት ደረቁ ወንዝ ውስጥ ወድቆ ተገኘ፤ ቁልፉ ከአንገቱ ተበጥሷል። ሰክሮ ነው ተባለ። አባቴ በዓል እንኳ ሲሆን ጠላ በከንፈሩ የማይነካ ሰው ነበር። እኛ ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ ፓምፑ ወጣ። ከተማው እስከ ዛሬ በአህያ የሚጫን ውሃ ይገዛል።

ጌታሁን መሪውን ይዞ ሰማኝ። መጨረሻ ላይ «ይኼ መጻፍ አለበት ሙሉዬ» አለ። ጻፈው አልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ጻፈው። ከምረቃው ቀደም ብሎ በየሐበሻ ሱቁ መሸጥ ሲጀምር እኔም ገዛሁ። ርዕሱን አልነግራችሁም፤ ውስጡ ደም አለ፣ ጥላም አለ፣ ሽፋኑ ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ከርዕሱ ሥር «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ይላል። ገለጥ ሲደረግ ደግሞ መታሰቢያነቱ ለአባቴ ነው፤ ሙሉ ስሙ ከነአያቱ።

እናቴ አብራን ነው የምትኖረው። ዓይኗን ሞራ ይዞታል፤ ልጄ ቤዛ ደግሞ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ፊደል አትለይም። ስለዚህ ከሥራ ስመለስ የማነብላት እኔ ነኝ። እማዬ መጽሐፉን እንደ ምስክር ነበር የምትሰማው። መርማሪው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሻምበል ነው፤ ያጨሳል፣ ሚስቱ ጥላው ሄዳለች። ሚስቱ ያልሄደችበት መርማሪ መቼም ገጥሞኝ አያውቅም። እማዬ ግን ያሳሰባት ሌላ ነው።

«ይኼ ሰውዬ ምሳ አይበላም?»

«ምርመራ ላይ ነው እማዬ።»

«ምርመራ ላይ ያለ ሰው አይርበውም? ደግሞ የባቡር ጣቢያው በር ሁለት ነበር። አንድ ነው ያለው፣ ንገሪው።»

ዕቃ ቤት ጠባቂው ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚገባበት ገጽ ላይ ስንደርስ ግን እርማቷን ተወች። ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። «እንዲህ ነበር የሚሄደው» አለች።

ይህች ሴት ባሏን የገደሉት እነማን እንደሆኑ አንድ ሰው ጮክ ብሎ እስኪናገር ስትጠብቅ ነው የኖረችው። እዚያ ሳለን ይህን ጮክ ብሎ መናገር አይቻልም ነበር፤ እዚህ ስንመጣ ደግሞ የሚሰማ ጠፋ። አሁን በፊደል ታትሞ ሊነበብላት ነው።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ብሬክ ላይ ቀድሜ አነበብኩት። ባላነብበው ይሻለኝ ነበር። ሻምበሉ ነገሩን ሲፈታው ዕቃ ቤት ጠባቂው ራሱ ነው በሩን የከፈተው። ድርሻ ተቀብሏል፤ ድርሻው ሲያንስበት ጨምሩልኝ አለ፣ ያን ጊዜ ገደሉት። ቅን ሰው ነው ብለን ገጽ ሙሉ ያዘንንለት ሰውዬ የሌቦቹ ሸሪክ ሆኖ ቁጭ። ሻምበሉ ለሚስትየዋ ይህን ሲነግራት አንገቷን ትደፋለች። ታውቅ ነበር ማለት ነው።

ለቤዛ ነገርኳት። «ማሚ፣ ኢትስ ፊክሽን። ጀስት ስኪፕ ኢት» አለችኝ፤ ልቦለድ ነው፣ ዝለዪው ማለቷ ነው። ለእነዚህ ልጆች ስኪፕ የማይደረግ ነገር የለም።

ያን ቀን እማዬ ወንበሯን አስጠግታ ስትጠብቀኝ ከአፌ የወጣው «መጨረሻው ምረቃው ላይ ነው የሚነገረው፣ አሁን ወጉ እንደዚያ ሆኗል» የሚል ነበር። ደስ አላት። «ይኼን ያህል ዓመት ጠብቄ የለ፣ ቅዳሜ ምን ሩቅ ነው» አለች።

በማግስቱ መኪናው ውስጥ ቀበቶዬን ሳላስር ጀመርኩ።

«አባቴን ሌባ አደረግኸው።»

«አባትሽ አይደሉም፣ ገጸ ባሕርይ ነው።»

«አንገቱ ላይ ቁልፍ ያንጠለጠለ፣ ባቡር በቀረበት ከተማ ዕቃ ቤት የሚጠብቅ ገጸ ባሕርይ። ስሙ ፊት ለፊት ተጽፎ።»

«መታሰቢያ ነው እኮ ያደረግኩላቸው ሙሉዬ።»

«እውነተኛ ታሪክ ይላል ሽፋኑ።»

«የተመሠረተ ነው የሚለው። መሠረቱ እውነት ነው።»

መሠረቱ የአባቴ፣ ቤቱ የሌባ። ከዚያ የሙያውን ነገር ያስረዳኝ ጀመር። አንባቢ መጨረሻ ላይ መደንገጥ አለበት አለ፣ ትዊስት ያስፈልጋል። «ከንቲባው ሰርቆ ገደለ ብዬ ብጽፍ ማን ይደነግጣል? የእኛ አገር ሰው ይኼ ይገርመዋል?»

ልክ ነው። የሚያናድደውም ይኸው ነው። ስርቆት እንደ ዝናብ ወቅቱን ጠብቆ በሚመጣበት አገር ሌባ ሹም ወሬ አይሆንም። የሚያስደነግጠው እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ሳይሰርቅ የሞተ ሰው ነበር። እንደዚያ ዓይነቱን ትዊስት ግን ጌታሁን ራሱም ያመነው አይመስለኝም። «መኪናዬ ውስጥ አልቅሳ የነገረችኝ ልጅ ነች፣ ልጅ ደግሞ አባቷን ታሳምራለች» ብሎ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ሁሉ መልስ የመጣልኝ ሰላጣ ስከትፍ ነው። የእኔ መልስ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ እንደ አውቶቡሱ።

ሲያወርደኝ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ደግሞስ አታካብጂው፣ ማን ሊያነበው ነው?» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። ደራሲ ሰውን በዚህ ሲያጽናና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ቅዳሜ ደረሰ። አንድ የኦክላንድ ሬስቶራንት አዳራሽ ጢም ብሏል። እማዬ በነጭ ልብስ፣ መታሰቢያነቱ ለባሏ ስለሆነ ከፊት ረድፍ መሐል አስቀመጧት፤ የመጣ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ይስማል። አንድ ዶክተር፣ የምን ዶክተር እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም፣ ስለ መጽሐፉ የፍቅር ታሪክ ጥልቀት ብዙ ተናገሩ። መጽሐፉ ውስጥ ፍቅር የለም። ከሟቹ ሚስት ሌላ ያለችው የሻምበሉ ሚስት ናት፣ እሷም ሄዳለች። ተጨበጨበላቸው።

ከዚያ መድረክ መሪው ጥያቄ ያለው ካለ አለ። ምረቃ ላይ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ቀጣዩ ሥራዎ መቼ ይወጣል የሚለው። ሌላውን ለመጠየቅ ማንበብ ያስፈልጋል። እሱም ተጠየቀ፣ ተመለሰ፣ ዓይን ሁሉ ወደ ኬኩ ዞረ።

እማዬ እጇን አወጣች።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔ መጨረሻው እዚያ ይነገራል አልኳት፣ ሳይነገር ሊበተን ሆነ፣ ስለዚህ ጠየቀች፤ ከዚህ የበለጠ ምን ትክክል አለ? ቤዛ ማይኩን ያዘችላት።

«ልጄ ጌታሁን፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ልጄ እያነበበችልኝ ነበር፣ መጨረሻው እዚህ ነው የሚነገረው ብላኝ ሳልሰማው ቀረሁ። ማን ነው የገደለው?»

አዳራሹ በፍቅር ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

መልሱን የምናውቅ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ እኔ፣ ቤዛና እሱ። ጌታሁን አየኝ። ዓይኔን አልሰበርኩለትም፣ አልረዳሁትምም። መጽሐፉ ፊቱ ጠረጴዛ ላይ ተከምሯል፣ አንዱን አንስቶ የመጨረሻውን ገጽ ማንበብ ይችላል። እጁን አንዱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ እጁን ሰበሰበ።

«ከንቲባው ናቸው እማማ» አለ። ድምፁ የመድረክ ድምፅ አልነበረም። «ከንቲባውና ፓምፑን የገዛው ነጋዴ።»

«ተያዙ?»

«ሻምበሉ ይዟቸዋል።»

«ቁልፉስ? ባለቤቴ ቁልፉን ሰጣቸው?»

«አልሰጡም። በጉልበት በጥሰው ነው የወሰዱት። እስከ መጨረሻው አልሰጡም፣ እማማ።»

«አዎ፣ አልሰጠም» አለች እማዬ፤ ማይኩን ወደ ቤዛ ገፋ አደረገችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ጭብጨባው ያን ቀን ከነበረው ሁሉ በለጠ። ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ መጽሐፉ እንደዚያ አይልም አላለም። ዶክተሩ ከጎናቸው ላለችው ሴትዮ ገና ከመጀመሪያው ገምቻለሁ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ወገኔ ስለማያነብ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ እንዲህ ያለ ምስጋና ደግሞ ሰውን ደስ አያሰኝም፣ ያደክመዋል።

እማዬን መኪና ውስጥ አስገብቼ በሩን ስዘጋ ጌታሁን የተረፉትን መጽሐፎች በካርቶን ተሸክሞ መጣ። ካርቶኑን መሬት አስቀመጠው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ወደ እማዬ መስኮት ጎንበስ ብሎ ተሰናበታት፤ እሷም መረቀችው፣ ረጅም ምርቃት። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር ልግለጸው ብል አልችልም፤ ዕቃ የሰበረ ልጅ አባብለው ጣፋጭ ሲሰጡት የሚሆነውን ይመስላል።

«አሁንስ ታረቅን ሙሉዬ?» አለኝ።

ለአንድ ጊዜ እንኳ መልሴ በሰዓቱ ደረሰልኝ።

«ለእማዬ የነገርካትን ጻፈው፤ ካነበብኩት በኋላ እንታረቃለን» አልኩት።