እንቅልፌና የእድራችን ጸሐፊ

ሐዘን የማያውቅ ሕዝብ ማየት ካማራችሁ ለሐበሻ መጠይቅ ስጡት። ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ ከጭሱ መሀል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላችኋል። እኛ ጭንቀታችንን የምንነግረው ለፈጣሪ ብቻ ነው፤ እሱንም ለጎረቤት እንዳያወራ አደራ ብለን።

ከዓመታት በፊት እዚህ ሲያትል አንድ መሥሪያ ቤት የድባቴ መጠይቅ ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች ሲያዘጋጅ እኔ እዚያው ወንበር እደረድር ነበር። በሥነ ልቦና ዲግሪ አለኝ፤ ለወንበር ድርደራ አይከፋም። በሙከራው የተጠየቁት እናቶች ሁሉ ጤነኛ ሆነው ወጡና ዶክተሮቹ ተደነቁ። ጠያቂዋ የገዛ ጎረቤታቸው ነበረች! ገበናውን ለጎረቤት የሚያወጣ ማን አለ? አላስቻለኝም። «የሚያውቃቸው ሰው አይጠይቃቸው። ደግሞ መጀመሪያ ስለ ወገባቸውና ስለ ራስ ምታታቸው ጠይቁ፤ ልባቸው ከኋላ ይመጣል» አልኩ። ኃላፊዋ «ዋው!» ብላ ጻፈችው። መጠይቁ ሲታተም የምስጋናው ገጽ ላይ ዳቦ ያቀረበልን ዳቦ ቤት ስም አለ። የእኔ የለም። ዳቦው ደግሞ ደረቅ ነበር።

ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነ። እንቅልፍ ከከዳኝ ሁለት ወር አለፈ። ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና እየነዳሁ ማንጎላጀት ስጀምር ክሊኒክ ሄድኩ። ያው መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ ነጥቤ ከፍ ካለ ሕክምና፣ ዝቅ ካለ ወደ ቤት። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብልም ደንብ ነው ብለው አስተርጓሚ ጠሩልኝ። በሩ ሲከፈት የእድራችን ጸሐፊ እትዬ ጽጌ ናቸው።

«አንተ! ምን ሆነህ ነው? ቆይ፣ ስልኬን ሳይለንት ላድርግ።»

መነጽራቸውን አጥልቀው የመጀመሪያውን መስመር አነበቡ፦ «ጠያቂው ተጠያቂውን የሚያውቀው ከሆነ በሌላ ሰው ይተካ።» የእኔ ምክር! ስሜ ባይኖርበትም አንጀቴ ራሰ።

«ይሄ እኛን አይመለከትም፤ እኛ ቤተሰብ ነን» ብለው ገጹን ገለጡት። «ሶ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተስፋ ቆርጠህ ታውቃለህ? ኧረ ምን ዓይነት ሟርት ነው! ኖ ልበለው አይደል?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እሑድ የእድር ስብሰባ አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

«እንቅልፍስ?»

«ከጣለኝ አልነሳም።»

ዜሮ አገኘሁ። እትዬ ጽጌ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፤ ሐኪሙም ጨብጦ ሸኘኝ። ምክሬ ትክክል እንደነበር ማስረጃ የሚፈልግ ካለ፣ ነገ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መጋዘኑ ውስጥ ፎርክሊፍቱ ላይ ያገኘኛል። ራቅ ብሎ ይቁም።